ወለተ ማርያም፣ የማን ልጅ?

መልእክቱ የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ቁጥሩን አላውቀውም። «እትዬ ብዙነሽ ዐርፈዋል። ቀብር ዛሬ ስምንት ሰዓት። ለቅሶው ኮተቤ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወለተ ማርያም ነኝ» ይላል።

ወለተ ማርያም ደግሞ እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው። ለአፍታ ያህል የራሴን መርዶ ለራሴ የላክሁ መሰለኝ። ነገሩ ሲገባኝ ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ሌላዋ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሸሸኋት፣ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን በደጇ ላለማለፍ መንገድ የምቀይርባት ሌላዋ ወለተ ማርያም ናት። ቁጥሬን ቤይሩት አብራን ከነበረችው ከሰዓዳ መውሰዷን በኋላ ነው የሰማሁት።

ቀብር አልሄድኩም። አፈር ልብላ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ ተቀመጥኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች የታመምኩ መስሏቸው ሻይ በሎሚ አመጡልኝ።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ እትዬ ብዙነሽ አይገቧችሁም። የመሥሪያ ቤታችን ሰው በኮምፒውተርና በስልክ የሚጻጻፍበትን የጋራ የመልእክት መድረክ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ማን ይግባ፣ ማን የቱን ክፍል ያንብብ፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ስሙ በስንት ሰዓት ይሰረዝ፣ ይኸው ነው የእኔ ነገር። ወጣቶቹ «እትዬ ቁልፍ» እያሉ ይቀልዱብኛል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የእናቱን ስም እጠይቃለሁ። «እናቴ ደግሞ ምን አገባት?» ብሎ የማይስቅ የለም። ይሳቁ። ሥልጠና ወስጃለሁ፣ የምስክር ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሥራውን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ግን ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ያስተማሩኝም ቤይሩት፣ ጅዴይዴ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ በአንድ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ነው።

ያወቅኋቸው ቤይሩት በገባሁ በስድስተኛው ወር ነው። ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ጅዴይዴ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ማዳሜ ጥሩወርቅ የሚለው ስሜ ምላሷ ላይ አልዞር ብሏት «ሊሊ» ትለኛለች። እውነቱን ልናገር፣ አትመታኝም። ግን ስትወጣ በሩን ቆልፋ ነው፣ ስልኩንም ቆልፋ ነው። ከእናቴ ደብዳቤ አይመጣም፣ የእኔም አይሄድም። እናቴን አልጋ ላይ ጥያት ነው የመጣሁት። ትኑር ትሙት ሳላውቅ ሰሃን አጥባለሁ፣ ምንጣፍ አራግፋለሁ። አንዳንድ ቀን ማጠቢያው ላይ አንገቴን ደፍቼ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ እጮሃለሁ። ውሃው ድምፄን ይበላልኛል።

አንድ ቀን ደወሉ ጮኸና ማዳሜ ከፈተች። ደረጃ የሚያጥቡ ሐበሻ ሴት ቆመዋል፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያሰሩ። «ቦንዡር ማዳም፣ ሽዋየት ማይ» አሉ፤ ትንሽ ውሃ ማለታቸው ነው። ማዳሜ ፊቷን እንኳ ሳታዞር «ሊሊ! ማይ!» ብላ ገባች። ባልዲውን ተቀብዬ ስሞላ የእጀታው ፕላስቲክ ውስጥ የሆነ ነገር ጣቴን ቆረቆረኝ። ተጠቅልሎ የተወተፈ ወረቀት ነው። «አይዞሽ የእኔ ልጅ። የክርስትና ስምሽን ብቻ ጽፈሽ መልሺው። ሌላ ምንም እንዳትጽፊ» ይላል። ያቺን «የእኔ ልጅ» የምትለዋን ቃል እያየሁ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። ስመልስላቸው በዓይናቸው እንኳ አላወቁኝም። «መርሲ» ብለው ወደ ታች ወረዱ።

እትዬ ብዙነሽ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ «ጥብቅ ምስጢር»፣ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚያ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀነሱና በአርባ ዓመታቸው ቤይሩት ወረዱ። ከመጀመሪያው ቤት ወጥተው ደክዋኔ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በጅዴይዴ አሥራ አንድ ሕንፃ ደረጃ ያጥቡ ነበር። መኖሪያ ወረቀት የላቸውም። ሥራቸውን ግን እቴ ማን ይንካባቸው! አገር ቤት የተዉትን መዝገብ ቤት ባልዲ ውስጥ እንደገና ከፈቱት ማለት ነው።

በያንዳንዱ ሕንፃ በር ያንኳኳሉ፣ ውሃ ይለምናሉ፣ ባልዲው ይገባል፣ ባልዲው ይወጣል። የዚያ ሰፈር ልጆች ሁሉ የምንገናኘው በዚያ ነው። የማን ማዳም ከሙቀቱ ሸሽታ ወደ ተራራ ልትወጣ ነው፣ ወደ አገር የሚሄድ ሰው የማንን ደብዳቤ ይዞ ይሂድ፣ ለተቃጠለ ቆዳ ምን ይቀባል፣ ሁሉም በባልዲ ነው። እጀታው ላይ ነጭ ክር ከታሰረ ወሬው የሁሉም ነው፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ ለሌላዋ እንናገራለን። ቀይ ክር ከሆነ የአንዷ ብቻ ነው። አንብባ እዚያው ውሃ ውስጥ ታሟሟዋለች።

እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍ። አንዴ በቀይ ክር የመጣልኝን ለላይኛው ፎቅ ልጅ ነገርኳት። ክፉ ነገር መስሎኝ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። በሳምንቱ ባልዲው ባዶ መጣ። በሁለተኛውም ሳምንት ባዶ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማዳሜ ሻወር ገብታ ስለነበር በሩ ላይ አለቀስኩባቸው።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ስንት ሰው ነው የነገርሽ?» አሉኝ፣ መጥረጊያውን ሳያቆሙ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው እኮ!»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እኔስ ለስንት ሰው ነበር የላክሁት?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «መዝገብ ቤት በር ነው፣ የእኔ ልጅ። ለአንዷ የተከፈተ ለሌላዋ አይከፈትም። አንቺ በር ስትከፍቺ እኔ ምን ላይ ልቁም?»

በአራተኛው ሳምንት ወረቀት ላኩልኝ። «ተምረሻል። ኸላስ» ትላለች፣ አለቀ።

መዝገባቸው ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው፤ እርሳሱን በምላሳቸው እያረጠቡ ነው የሚጽፉት። ደብተሩ ላይ የክርስትና ስም ብቻ ነው ያለው። ማዳሞቹ የሚጠሩን ሊሊ፣ ሮዛ፣ ሚሚ እያሉ ነው፤ በፓስፖርታችን ያለው ሌላ ነው። የክርስትና ስማችንን ግን እዚያ አገር ማንም አያውቀውም። ደብተሩ በማንም እጅ ቢወድቅ ማንንም አያጋልጥም። ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ገብርኤል፣ ፍቅርተ ማርያም፣ በቃ። የትኛዋ በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኛው ፎቅ እንዳለች የሚያውቀው የእሳቸው ጭንቅላት ብቻ ነው። ለእስላሞቹ ልጆች ራሳቸው ስም ያወጡ ነበር። አብራቸው ለምትኖረው ለሰዓዳ «ወለተ ወሎ» ብለዋት በሳቅ ገደሏት። ቤት የቀየረች፣ ወደ አገር የገባች ልጅ ካለች የዚያኑ ዕለት ስሟን በምላጭ ይፍቁታል። በእሷ ቦታ የመጣችውን አዲስ ልጅ ደግሞ ማንነቷ እስኪጣራ ወር ሙሉ ባዶ ባልዲ ያመላልሷታል። «በሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ባለ ወንበር አይደለም» ይሉ ነበር።

ያቺ አባባላቸው ለእኔ እንደምትሆን ያኔ የት አውቄ!

እትዬ ብዙነሽ ከወረቀትም ሌላ ልጆች ያወጡ ነበር፤ በጣም የተጨነቀችውን ከቤቱ አስወጥተው ደክዋኔ ያሳርፏታል፣ ቀን ሥራ ይፈልጉላታል፣ ከዚያ ትራሷን ይዛ ትሄዳለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ከእሳቸውና ከሰዓዳ ሌላ የምትዘረጋ አንዲት ፍራሽ ብቻ ናት ያለችው። ስለዚህ ተራ አለ። እኔ እኔን አውጡኝ እያልኩ ስንቴ እንደጻፍኩ። የሚመለስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንቺ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ። የባሰባት አለች። ተራሽ አልደረሰም።» እኔ ግን በዚያ ቤት እያበድኩ ነበር። እናቴ በሕልሜ እየመጣች ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ቀን ቀን በረንዳ ላይ ስቆም መሬቱ ወደ ላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ፈራሁ፣ ራሴን ፈራሁ።

የባሰባት የተባለችውን አላውቃትም። ከእኔ ሁለት መንገድ አልፋ ነበረች፣ ብርቱካን ትባላለች፤ የክርስትና ስሟ ግን እንደ እኔው ወለተ ማርያም ነው። ማዳሟ በንዴት በጋለ ካውያ እጇን ተኩሳት ቁስሉ መግል ይዟል። እትዬ ብዙነሽ ለእሷ ቀን ቆርጠው፣ አቡ ጆርጅ የሚባሉ የዶራ መስመር ቫን ሹፌር ለምነው፣ ወረቀቱን ጽፈው ጨረሱ። ወረቀቱ ላይ «ለወለተ ማርያም» ብለው ቀይ ክር አሰሩበት። በማግሥቱ ትኩሳት ጣላቸው፤ ከፍራሽ መነሣት አቃታቸው።

ባልዲውን ይዛ የወጣችው ሰዓዳ ናት። ደረጃውንም ወረቀቱንም እሷ ልታዳርስ። እትዬ ብዙነሽ በትኩሳት እየቃዡ «ለወለተ ማርያም... ለወለተ ማርያም ስጪያት» ይላሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች አልተናገሩም። ሰዓዳ ደግሞ ወለተ ማርያም ተብላ የምታውቀው እኔን ብቻ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ? ጠንቃቃ ናት፣ በሩ ላይ ጠይቃኛለች።

«ወለተ ማርያም አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ወረቀቷን ማድ ቤት ውስጥ አነበብኳት። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው ያለችው። «ረቡዕ ጠዋት ቆሻሻ ስታወርጂ አትመለሺ። ከፋርማሲው ጎን ነጭ ቫን ይቆማል፣ መስታወቱ ላይ ፎጣ አለ። ለሹፌሩ የክርስትና ስምሽን ብቻ ንገሪው። ለእጅሽ ቅባት ገዝቻለሁ። አይዞሽ።»

ለእጅሽ።

እጄን አየሁት። በረኪና የላጠው፣ ጥፍሬ ሥር የተሰነጣጠቀ፣ የማንኛዋም የቤት ሠራተኛ እጅ ነው። ቅባት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ስለ እጄ ለማንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስት ቀን በፊት ደግሞ «ተራሽ አልደረሰም» ተብያለሁ። ወረቀቷ የእኔ እንዳልሆነች ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አላወቅሁም ነበር ብል እግዜር ይታዘበኛል። ግን አእምሮዬ ቶሎ ብሎ ሌላ ነገር አቀበለኝ፤ «በረኪና ነው፤ ሲያዩት አዝነውልኝ ነው፤ እትዬ ደግ ናቸው።» እንዲህ እያልኩ ወረቀቷን ውሃ ውስጥ አሟሟኋት። ማሟሟት ብቻ ነበር ከተማርኩት ውስጥ የተጠቀምኩበት።

ረቡዕ ጠዋት ቆሻሻውን ይዤ ወረድኩ። ፋርማሲው ጎን ቫኑ ቆሟል፣ ፎጣውም አለ። አቡ ጆርጅ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው ሳያነሡ አዩኝ።

«አሞ፣ ወለተ ማርያም» አልኳቸው፤ አሞ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ዋላታ ማርያም! ያላ፣ ያላ ቢንቲ» ብለው፣ ነይ ቶሎ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በሩን ከፈቱልኝ። ገና ስቀመጥ ከኪሳቸው ትንሽ የቅባት ቱቦ አውጥተው አቀበሉኝ፤ እጃቸውን እየጠቆሙ፣ ለእጅሽ ነው፣ ብዙነሽ ልካ ነው አሉኝ። ያኔ እንኳ መውረድ እችል ነበር። ቫኑ አልተነሣም። ቱቦውን ተቀበልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለቱን እጄን ቀሚሴ ሥር ደበቅኋቸው።

ደክዋኔ ስንደርስ እትዬ ብዙነሽ ፍራሻቸው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ሰዓዳ በሩን ከፈተች። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው ፊቴን አዩ፤ መጀመሪያ ያላወቁኝ መሰለኝ። ከዚያ በክርናቸው ተደገፉና፣ «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

ዘረጋሁላቸው። በትኩስ እጃቸው ያዙኝ፣ መዳፌን አዩ፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ፣ እንደገና ገለበጡት። ዓይናቸው ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ አየሁት። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ጉልበቴ ላይ መለሱልኝ።

«በልተሻል?» አሉኝ።

«አልበላሁም።»

«ሰዓዳ፣ ዳቦ ስጪያት» ብለው ብርድ ልብሱን ገፈው ተነሡ። እየተንቀጠቀጡ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ሰዓዳ «እትዬ፣ ኧረ ይሞታሉ!» ብላ ያዘቻቸው። አልሰሟትም። ብርቱካንን ሊያወጡ ከአቡ ጆርጅ ጋር ወደ ጅዴይዴ ተመለሱ። ቆሻሻ የሚወርድበት ሰዓት ግን አልፏል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻቸውን መጡ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። ማዳሜ ሊሊ ጠፋች ብላ በረንዳ ለበረንዳ ጮኸች። የሰፈሩ ማዳሞች ሁሉ ነቁ። ቆሻሻ የሚያወርዱት ልጆች ቀሩ፣ ማዳሞቹ ራሳቸው ማውረድ ጀመሩ፤ በሮች በሁለት ቁልፍ ተቆለፉ። ደረጃ አጣቢዋ ሐበሻም ከአሥራ አንዱም ሕንፃ ተባረሩ፣ ዘበኞቹ ባልዲያቸውን ከበር መለሱት። በአንዲት ጠዋት የእኔ መውጣት የሁሉንም በር ዘጋው። ብርቱካን በዚያ ሳምንት እንደምትወጣ በቀደመው ባልዲ ተነግሯት ስለነበር ትጠብቃለች። ሐሙስ ጠበቀች። ዓርብ ጠበቀች። ባልዲ የለም፣ ሰው የለም። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ቁርስ ላይ እንዳለ ሁለት አንሶላ ቋጥራ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወረደች። በደኅናው እጇ ብቻ ነው የያዘችው። ቋጠሮው ተፈታ።

ዳሌዋና አንድ እግሯ ተሰበረ። ወሬውን አቡ ጆርጅ ናቸው ያመጡት፣ በራችን ላይ ቆመው ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ። እትዬ ብዙነሽ አላለቀሱም። ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አሰሩ። «ሆስፒታል እሄዳለሁ። አክስቷ ነኝ እላለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ ወረቀት እኮ የለዎትም፤ ይይዝዎታል ፖሊስ!» አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው የማለቅሰው። «እኔ ልሂድ! እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ!» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ግን አልወጣኝም። ለምን መሄድ እንዳለብኝ መናገር አቃተኝ።

«ታውቂያታለሽ እንዴ? አታውቂያትም። እኔ ነኝ የማውቃት» አሉና ሰማያዊውን ደብተር ከፍራሹ ሥር አወጡ። «ነይ ቁጭ በይ። ርክክብ እናድርግ።»

አዎ፣ ርክክብ። እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «አስረካቢ» ብለው ፈረሙና እርሳሱን አቀበሉኝ፤ «ተረካቢ» በሚለው ሥር ፈረምኩ። ከዚያ በየስሙ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ፣ በጭንቅላታቸው ብቻ የነበረውን ሁሉ በቃል አስጠኑኝ።

«ጥፋቱ የመዝገቡ ነው» አሉኝ። «ሁለት ሰው በአንድ ስም አስገብቼ ልዩነቱን በራሴ ውስጥ ያዝኩት። ያኒ እኔ ስታመም መዝገቡም አብሮ ታመመ። ከዛሬ ጀምሮ ከያንዳንዷ ስም አጠገብ የእናቷን ስም ጻፊ። ስታቀብዪ፣ የማን ልጅ ብለሽ ጠይቂ። የእናቷን ስም ማንም አይሰርቃትም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስካለች።»

ጻፉት። ወለተ ማርያም፣ የአስካለች። ከሥሩ ደግሞ ወለተ ማርያም፣ የአልጋነሽ። ሁለቱን ስም ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው ሄዱ። ሄዱ፣ ቀሩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረቀት ተጠየቁ፣ ተያዙ፣ ሁለት ወር ታሰሩ። ብርቱካን ከአልጋ ስትነሣ አንድ ላይ ወደ አገር ተጫኑ።

እኔ በእሷ ፍራሽ ላይ ተኛሁ። በእሷ ተራ የቀን ሥራ አገኘሁ። ቅባቱን ግን አልከፈትኩትም። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ባልዲ ይዤ አራት ዓመት ያን መዝገብ ያዝኩ፤ የማን ልጅ ሳልል አንዲት ወረቀት አላቀበልኩም። እናቴ በሕይወት ቆየችኝ፣ ተመልሼ አስታመምኳት፣ በእጄ ቀበርኳት። ይህንን ሁሉ ያገኘሁት በሰው ተራ ነው። እትዬ ብዙነሽ ኮተቤ ብርቱካንን ይዘው እንደሚኖሩ፣ እሷን ደግፈው ቤተ ክርስቲያን እንደሚያመላልሱ ሰዓዳ ስትነግረኝ፣ እሄዳለሁ እሄዳለሁ እያልኩ ሃያ ዓመት አለፈ። ሰው እንዴት ሃያ ዓመት እሄዳለሁ ይላል? እኔ አልኩ።

ለቅሶ ቤቱ የሄድኩት በማግሥቱ ነው፣ ረቡዕ። ሰማያዊውን ደብተርና ያልተከፈተውን ቱቦ በቦርሳዬ ይዣለሁ። የመጣው ሰው ወጥቶ ቤቱ ጭር ብሏል። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ምርኩዟ ጉልበቷ ላይ ነው። ቀኝ እጇን አየሁት። የካውያው ጫፍ ቆዳዋ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

«ወለተ ማርያም» አልኳት።

«የማን ልጅ?»

«የአስካለች» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የያዝኩትን መያዝ አልቻልኩም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ወረቀቷ ላይ ስለ እጅ ተጽፎ ነበር፣ እህቴ። የእኔ እጅ ደኅና ነበር። አውቄ ነው የሄድኩት። ለእትዬም አልነገርኳቸውም፤ ሳይሰሙ ሞቱ።»

«ያውቁ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም የለም፣ ሌላም የለም። «የዚያኑ ቀን እጅሽን አይተው አውቀዋል። እስኪሞቱ ግን ስምሽን በክፉ አላነሡም። መዝገቡ ነው የተሳሳተው፣ እሷ አይደለችም፣ ይሉኝ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። ይህንን ስሰማ፣ ላፍርበት እንጂ፣ ትንሽ ቀለል ሊለኝ ነበር። አየችብኝ መሰለኝ ምርኩዟን መሬት ላይ አሳረፈችው።

«እኔ ግን ከበረንዳ ስወድቅ መዝገቡ አልነበረም የወደቀው» አለች። «እኔ ነኝ። እትዬ ይቅር ብለውሻል፤ የእሳቸው ነገር የእሳቸው ነው። እኔ ገና ነኝ።»

ደብተሩንና ቱቦውን አውጥቼ አጠገቧ ባለው ዱካ ላይ አስቀመጥኩ። ቱቦውን አነሣችው፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በአገጯ ወደ ጥጉ ጠቆመችኝ።

«ነገ ሰልስት ነው። ውሃ የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ፣ እኔ በዚህ እግሬ አልችልም» አለች። «ቧንቧው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው።»

ጥጉ ውስጥ የቆመው ባልዲ ነው። ቀይ፣ አሮጌ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ። አንሥቼ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ተራ ይዤ ቆሜ፣ ሳላስበው፣ እጀታው ውስጥ ጣቴን ሰደድኩ። ዙሪያውን ዳሰስኩት። ምንም የለም፤ ባዶ ነው።